በድሮ ሃይሉክስ ላይ የኤልኢዲ ባር መብራት አገጣጠም

ድሮ ሃይሉክስ ያለው ሰው በሞተሩ ብዙም አያማርርም፤ የሚያስቸግረው ማታ ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ከመሸ በኋላ ግመል መሀል አስፋልት ላይ ይቆማል። ቀለሙ ከመሬቱ አይለይም፣ ዓይኑም አጭሩ መብራት ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ስለሆነ እንደ ሌላው ከብት ዓይን አብርቶ አያስጠነቅቅም። በደከመ አምፖል አይታችሁት ፍሬን እስክትይዙ ድረስ ደርሳችሁበታል። በደንብ የተገጠመ ባር መብራት፣ ማለትም ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በረጅሙ የተደረደሩበት ተጨማሪ መብራት፣ እንዲህ ባለ ቦታ ሕይወት ያድናል። በዘፈቀደ የተገጠመው ግን ወይ ሽቦው ይቀልጥና መኪናውን ያቃጥላል፣ ወይ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን አጥፍቶ እናንተ ላይ ያመጣዋል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መብራቱ ከባትሪ የሚነሳ የራሱ ፊውዝ ያለው መስመር ይኑረው፣ ረጅሙ መብራት ሲቀነስ ደግሞ አብሮ ይጥፋ።

እዚህ የምገልጸው እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ የወጣውን ባለ 12 ቮልት ናፍጣ ሃይሉክስ፣ ኤልኤን 166ን ይዤ ነው። ሚትሱቢሺ ኤል 200ም ሆነ ኒሳን ሃርድቦዲ ላለው ሰው አሠራሩ ያው ነው፤ የሽቦው ቀለምና የሚተላለፍበት ቦታ ብቻ ይለያያል። ከድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች አንዳንዶቹ ግን ባለ 24 ቮልት ናቸው። እነሱ ላይ ከመጀመራችሁ በፊት ቮልቱን በቴስተር፣ ማለትም ቮልትና አምፔር በሚለካው መሣሪያ፣ ለኩ፤ የምትገዙት ሪሌም (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) ባለ 24 መሆን አለበት።

ባሩን ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ የመኪናውን የራሱን መብራት ፈትሹ። ሞተሩን አስነሱ፣ ረጅሙን አብሩና ባትሪው ላይ ለኩ። ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ያሳያችኋል። ቀጥሎ ሶኬቱ አምፖሉ ላይ እንደተሰካ ከጀርባው ለኩ። በሁለቱ መካከል ከ1 ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ብርሃኑን የበላው የዛገ ግንኙነት ወይም ያረጀ ሽቦ ነው። ሃሎጂን አምፖል ቮልቱ በትንሹ ሲወርድ ብርሃኑ በብዙ ይወርዳል፤ ለዚህ ነው ብዙ የድሮ መኪና መብራት ቢጫ ሆኖ የሚታየው። ከቦዲው ጋር የሚያያዘውን ሽቦ ፈትታችሁ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ የቀለጠ ሶኬት ካለ ቀይሩ። ፋኖሱ ውስጥ ያለው አንጸባራቂ ከተላጠ ደግሞ ምንም ዓይነት አምፖል አያድነውም። ይህ ጥገና ብቻ የሚበቃው መኪና አለ፤ በተለይ ከከተማ ብዙም ለማይወጣ።

ምን ዓይነት ባር

አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ስትጠይቁ ካርቶኑ ላይ 200 ዋት፣ 300 ዋት የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ቁጥሩን አትመኑት። ሻጩ ባትሪ ላይ አድርጎ ሲያበራላችሁ የሚወስደውን አምፔር በቴስተር ለኩ። ትክክለኛው ዋት አምፔሩ በቮልቱ ተባዝቶ የሚወጣው ነው፤ በ13 ቮልት 9 አምፔር የሚወስድ ባር 117 ዋት ነው፣ ካርቶኑ ምንም ቢል። የተለመደው ቴስተር ግን ከ10 አምፔር በላይ አይችልም። ገመዱን 10 ኤ የሚለው ቀዳዳ ውስጥ መሰካታችሁን አረጋግጡ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ለኩ። ባሩ ከዚያ በላይ የሚወስድ ትልቅ ከሆነ ገመዱን ከውጭ አቅፎ የዲሲ አምፔር የሚያነብ መለኪያ ያስፈልጋል።

ለሃይሉክስ 20 ኢንች፣ ማለትም 50 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው፣ ይበቃል ባይ ነኝ። የ50 ኢንቹ ግርማው ያምራል እንጂ ለድሮ ዲናሞ ሸክም ነው፤ ክረምት ላይ መጥረጊያውና የፊት መብራቱ አብረው ሲሠሩ ባትሪው መሙላት ያቅተዋል። መሀሉ ሩቅ የሚወረውር፣ ሁለቱ ጫፎች ደግሞ ጎንና ጎኑን የሚያሳዩ የተቀላቀለ ዓይነት ምረጡ። የመንገድ ዳር ሰው፣ አህያና ፍየል የሚታየው በጎኑ ብርሃን ነው።

ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አሥር ደቂቃ ይብራ። ጀርባው ላይ ያሉት የአሉሚኒየም ክንፎች መሞቃቸው ጥሩ ምልክት ነው፤ ሙቀቱ ከውስጥ እየወጣ ነው ማለት ነው። ፊቱ እየነደደ ጀርባው ከቀዘቀዘ ተዉት። አይፒ 67 የሚል ምልክት አቧራ እንደማያስገባና አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት እንደሚቆይ የሚገልጽ መለኪያ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ለእኛ ክረምትም ለእኛ አቧራም አይሆንም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ካገኛችሁ ኤፍኤም ላይ አድርጋችሁ ባሩ አጠገብ አስቀምጡት። ባሩ ሲበራ ሬዲዮው ማንሾካሾክና መጮህ ከጀመረ ውስጡ ያለው የኃይል መቆጣጠሪያ ርካሽ ነው፣ መኪናችሁም ውስጥ ያንኑ ያደርጋል።

ከባሩ ሌላ የሚገዛው ይህ ነው፤ ባለ 4 እግር 40 አምፔር ሪሌ ከነሶኬቱ፣ ውኃ የማያስገባ የፊውዝ ቤት ከ15 አምፔር ፊውዝ ጋር፣ ሌላ ትንሽ የፊውዝ ቤት ከ3 አምፔር ጋር፣ የራሱ መብራት የሌለው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመኪና ሽቦ ቀይና ጥቁር፣ ለመቆጣጠሪያው ቀጭን ሽቦ፣ ባለ ሽንትር የፕላስቲክ ቱቦ፣ የሽቦ ጫፎች፣ ናስትሮና የፕላስቲክ ማሰሪያ። ብሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው የማይዝግ ብረት ቢሆኑ ይመረጣል። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለበት ይሁን፤ ተራው በኮረኮንች ይፈታል።

ቦታው

ብዙ ሰው ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ፊት ማሰር ይወዳል። እኔ ለመንገድ አልመክረውም። ከላይ የሚወርደው ብርሃን ኮፈኑ ላይ አርፎ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል፣ ነጭ መኪና ላይ ይብሳል። አቧራና ጉም ሲኖር ደግሞ ብርሃኑ ከዓይናችሁ አጠገብ ስለሚነሳ ፊታችሁ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ጣርማ በርን በጉም ያለፈ ሾፌር ይህን አይጠራጠርም፤ እዚያ ረጅም መብራትም ባርም አይበራም፣ በአጭሩ ቀስ ብሎ ነው የሚታለፈው። የጣሪያው ቦታ የሚጠቅመው ቆሞ ለሚሠራ መኪና ነው፣ ለእርሻ፣ ለካምፕ፣ ማታ ለሚጫን ጭነት።

የተሻለው ቦታ ፓራውልቱ ላይ ወይም ቡልባር (ከፊት የሚገጠም የብረት መከላከያ) ካለ መሀሉ ላይ ነው። ባሩን በእጅ ይዛችሁ ስታስቀምጡ ሦስት ነገር እዩ፤ የሰሌዳ ቁጥሩን አለመሸፈኑን፣ ፍሬቻዎቹን አለመጋረዱን፣ የራዲያተሩን አየር አለመዝጋቱን። ሦስተኛው እንደ ቀላል አይታይ፤ ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ ከወንዙ ወደ ደጀን የሚወጣ ናፍጣ መኪና የሚያገኘውን አየር ሁሉ ይፈልጋል።

ቦታው ከተወሰነ በኋላ የብሎኖቹን ቀዳዳ ምልክት አድርጉ፣ በቀጭን የትራፓኖ ጫፍ ጀምራችሁ በወፍራሙ አስፉት። የተበሳውን ጠርዝ በሞረድ አለስልሳችሁ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት፤ በድሮ ላሜራ ላይ ያልተቀባ ቀዳዳ በአንድ ክረምት ይበላል። ብሎኑን አሁኑኑ አታጥብቁት፣ ባሩ ገና ወደ ላይና ወደ ታች ይስተካከላል።

ዋናው መስመር

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈቶ ነው። ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፍቱ፣ ሲመለስ መጨረሻ እሰሩ። ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲውን ቢነካ እሳት ይተፋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 117 ዋት በ13 ቮልት 9 አምፔር ነው። ፊውዙ ከዚህ ትንሽ ከፍ ብሎ 15 ይሆናል፣ ሽቦው ደግሞ ፊውዙ የሚያሳልፈውን ያለ ሙቀት መቻል አለበት። እዚህ ርቀት ላይ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይህን ይችላል፤ መውጫና መመለሻው 4 ሜትር ቢሆን የሚጠፋው ከ0.3 ቮልት አይበልጥም። ከባሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ ከጎማው ሽፋን ውጭ ምንም የለውም። ጫፉን ልጣችሁ እዩት፤ መዳቡ እንደ ፀጉር ጥቂት ክር ብቻ ከሆነ አትጠቀሙበት።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሱ። ፊውዙ ከባትሪው ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ይሁን። ፊውዙ መብራቱን ሳይሆን ሽቦውን ነው የሚጠብቀው። ከባትሪ እስከ ፊውዝ ያለው ቁራጭ ቢላጥና ቦዲ ቢነካ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ማጠር አለበት። ከፊውዙ ወደ ሪሌው፣ ከሪሌው ወደ ባሩ። ጥቁሩን ሽቦ በአቅራቢያ ያገኛችሁት ብሎን ላይ ከማሰር ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ራሱ ብትመልሱት እመርጣለሁ። የ20 ዓመት ቦዲ ቀለሙና ዝገቱ አይታመንም፤ መብራት እየተርገበገበ የሚያስቸግር መኪና ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የሽቦ ጫፍ በፒንሳ ተጨፍልቆ አይያዝም። የራሱ መጭመቂያ አለው፤ ከተጨመቀ በኋላ በኃይል ሳቡት፣ ከወጣ እንደገና ይሠራ። ሽቦውን ባለ ሽንትሩ ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ ከነባሩ የመኪናው ገመድ ጋር አብራችሁ እሰሩ። ከጭስ መውጫው፣ ከፋኑና ከሹል ጠርዝ ይራቅ።

ሪሌው

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። የሪሌው እግሮች ቁጥር ተጽፎባቸዋል። 30 ከፊውዙ የሚመጣውን ቀይ ይይዛል፣ 87 ወደ ባሩ ይሄዳል። 85ና 86 የውስጡን ጥቅል ሽቦ የሚቀሰቅሱት ናቸው፣ የሚወስዱትም ከ0.2 አምፔር አይበልጥም። ለዚህ ነው ቀጭን ሽቦ የሚበቃቸው፣ ለዚህም ነው ትልቁ ኃይል ጋቢና ውስጥ ሳይገባ ትንሿ ማብሪያ የምታዘው።

የተለመደው አሠራር 85ን ቦዲ ላይ፣ 86ን ረጅሙ መብራት ሽቦ ላይ ማያያዝ ነው። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች ላይ ይህ አይሠራም። እነሱ ላይ ፖዘቲቩ በቀጥታ አምፖሉ ድረስ ይመጣል፤ መሪው ላይ ያለው ዘንግ አጭርና ረጅም የሚያደርገው ኔጋቲቩን በማቀያየር ነው። በተለመደው መንገድ ካገናኛችሁት ባሩ በአጭሩ ይበራል፣ ረጅሙን ስትጨምሩ ደግሞ ይጠፋል። ምክንያቱም አጭሩ ሲበራ የረጅሙ ሽቦ በአምፖሉ ክር በኩል ፖዘቲቭ ያገኛል። መኪናው ተበላሽቷል ብሎ ሪሌ የሚቀያይር ሰው ያጋጥማል፤ ሪሌው ምንም አልሆነም።

መፍትሔው ቦዲውን ከነገሩ ማውጣት ነው። 85ና 86ን ከፊት መብራቱ ሶኬት ላይ ረጅሙን በሚያበሩት ሁለት እግሮች ላይ አገናኙ። ያኔ ሪሌው ከረጅሙ ክር ጋር ጎን ለጎን ሆነ ማለት ነው፤ ክሩ ሲበራ ይሠራል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። መኪናው ፖዘቲቭ ያቀያይር ኔጋቲቭ ለውጥ የለውም።

ሁለቱን እግሮች እንዲህ ታገኟቸዋላችሁ። ለዚህ ልኬታ ብቻ ባትሪውን መልሱ፤ ከዚያ በፊት ግን 15 አምፔሩን ፊውዝ ከቤቱ አውጡት። አምፖሉ እንደተሰካ የሶኬቱ ሦስት ሽቦዎች ከጀርባ ይለካሉ። ረጅሙን አብሩ። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ሲለኩ ዜሮ ያሳያሉ፣ ሦስተኛው ከሁለቱም ጋር 12 ያሳያል። ያ ሦስተኛው የረጅሙ ነው፣ በናስትሮ ምልክት አድርጉበት። ወደ አጭሩ ቀይሩና ድገሙ፤ አሁን ለብቻው የሚለየው የአጭሩ ነው። ምልክት ያልተደረገበት የቀረው የጋራው ነው። የምትፈልጉት የጋራውንና የረጅሙን ነው። የጋራው ከቦዲው ጋር ሲለካ 12 ካሳየ መኪናችሁ ኔጋቲቩን የሚያቀያይር ነው። ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ሪሌው ውስጡ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካለው ብቻ ነው፤ ያኔ 86 ፖዘቲቩ በሆነው ወገን መዋል አለበት። ዳዮድ የሌለው ግዙ፣ ጣጣው ይቀንሳል።

ባትሪውን እንደገና ፈትታችሁ ከሁለቱ ሽቦዎች ቅርንጫፍ አውጡ። ዋናውን ሽቦ አትቁረጡት፤ ሽፋኑን አንድ ሴንቲሜትር ልጣችሁ ቀጭኑን ጠምጥሙበት፣ በቆርቆሮ ማቅለጫ አጣብቁት፣ በናስትሮ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። በጥርሱ ነክሶ የሚይዘው ፈጣን ማያያዣ ውኃ ያስገባል፣ ከጊዜ በኋላ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበጥሰዋል። የጋራው ላይ ባወጣችሁት ቅርንጫፍ 3 አምፔሩን ፊውዝ ጨምሩ፣ ከዚያ ወደ ጋቢናው ሄዶ በማብሪያው በኩል ተመልሶ ሪሌው ላይ ይግባ። የረጅሙ ቅርንጫፍ በቀጥታ ወደ ሪሌው ነው። ሪሌውን ባትሪው አጠገብ፣ እግሮቹ ወደ ታች እንዲሆኑ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ውኃ እንዳይቋጥር።

ጋቢናው

ጋቢናውን ከሞተሩ ክፍል በሚለየው ላሜራ ላይ የመኪናው ገመዶች የሚያልፉበት ጎማ አለ። አዲስ ቀዳዳ ከመብሳት በዚያው ጎማ ጠርዝ በሽቦ መርታችሁ አሳልፉ፣ በሲሊኮን ድፈኑት። ማብሪያውን እጃችሁ ሳይፈልግ በሚደርስበት ቦታ አድርጉት። የራሱ መብራት የሌለው ማብሪያ ያልኩት ባለ መብራቱ ቦዲ ስለሚፈልግና አሁን የደከምንበትን አሠራር መልሶ ስለሚያደናግረው ነው።

ሙከራና ማነጣጠር

ባትሪውን እሰሩ፣ ማብሪያውን አብሩና ፊውዙን አስገቡ። የፊት መብራቱ ጠፍቶ ባሩ መብራት የለበትም። በአጭሩ መብራት የለበትም። በረጅሙ ይበራል። ዘንጉን ወደ አጭር ስትመልሱ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። አራቱም ካልሆኑ ወደ መንገድ አትውጡ። አሥር ደቂቃ አብርታችሁ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የሽቦውን መጋጠሚያ በእጅ ዳስሱ፤ ለብ ማለት ችግር የለውም፣ የሚያቃጥል መጋጠሚያ ካለ በደንብ አልተጨመቀም።

ማነጣጠሩ በመሸ ጊዜ፣ ሜዳ ላይ፣ ከግድግዳ 7.5 ሜትር ርቃችሁ ነው። ፒካፕ ከኋላ ሲጫን አፍንጫው ይነሳል፤ በባዶ መኪና የተስተካከለ ባር አሥር ኩንታል ሲጫን የዛፍ ጫፍ ያሳያል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ አስተካክሉ። የባሩን መሀል ከመሬት ለክታችሁ በዚያው ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መስመር አስምሩ፣ ከሱ 11 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ ሁለተኛ መስመር ጨምሩ። የብርሃኑ ደማቅ መሀል ሁለተኛው መስመር ላይ ሲያርፍ ብሎኖቹን አጥብቁ።

አስፋልት ላይ ከፊት መብራት ሲመጣ፣ ከሌላ መኪና ኋላ ስትከተሉ፣ ከተማና መንደር ስትገቡ ዘንጉ ወደ አጭር ይመለሳል። የመንገድ ዳር እግረኛም ዓይን አለው፤ ዓይኑ ሲጠፋ ወዴት እንደሚረግጥ አያይም። ከዓመታዊው የቦሎ ምርመራ በፊት ደግሞ ስለ ተጨማሪ መብራት የአካባቢያችሁን የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን በቁልፍ ሞክሩ፤ ሩብ ዙር የሚጠብቁ አንድ ሁለት አይጠፉም። መስታወቱ ውስጥ ላብ ካያችሁና ባሩ አሥር ደቂቃ በርቶም ላቡ ካልጠፋ ውኃ ገብቷል፣ ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ሻጩ መልሱት። መኪናው ሲታጠብ ደግሞ የግፊት ውኃውን ከቅርብ ባሩ ጎማና የሪሌው ሶኬት ላይ እንዳያነጣጥሩት ለአጣቢዎቹ ንገሯቸው።